የአንባቢዎች ጥያቄ፦ የታይላንድ የቤተሰብ መዛግብት

ጥያቄ፦ የባለቤቴ እናት የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ የኡዶን ታኒ ሰው ናቸው። ለልጆቻችን የዘር ሐረግ ልንጽፍ ተነሥተናል። የአባታቸው ልደት «ፌብሩዋሪ 2475» ይላል፤ የቤተሰቡም ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፏል። ከምን ልጀምር? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ከዓመቱ ይጀምሩ። ታይላንድ የምትቆጥረው በቡድሃ ዘመን ነው፤ 543 ሲቀነስ የፈረንጆቹ ይወጣል። በዚህ ስሌት 1932 ቢያገኙም ልክ አይሆንም። ከ1889 እስከ 1940 ዘመን የሚለወጠው ኤፕሪል 1 ስለነበር ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያሉት ወራት የአሮጌው ዓመት መጨረሻ ነበሩ። ስለዚህ የሚቀነሰው 542 ነው፤ ሰውየው የተወለዱት በፌብሩዋሪ 1933 ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ከ8 ወደ 7 ለምንሻገር ለእኛ ይህ አይከብድም። 2483 ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር 9 ወር ብቻ ነበረው፤ «ጃንዋሪ 2483» የሚል ወረቀት ካጋጠመዎ ቀኑ በኋላ የተሞላ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ወረቀቱ በታይ አኃዝ ከተጻፈ 4ን ከ5 የምትለየው ከላይ ያለች ትንሽ ጥምዝ ናት፤ አጉልተው ይዩዋት።

ስሙን በተመለከተ ላቲኑን ይተዉት። አንዱ ጸሐፊ እንደሚነገረው፣ ሌላው እንደ ሳንስክሪት ምንጩ ይጽፈዋል፤ «ቫጂራቩድ» ተብሎ የሚጻፈው ንጉሥ በታይ አንደበት «ዋቺራዉት» ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት (አምፈ ይሉታል) ከሚገኘው የቤት መዝገብ፣ ከታቢየን ባን፣ ስሙን በታይ ፊደል ያስገልብጡ፤ ተጽፈው በንግግር የማይሰሙት ፊደላትም አይቅሩ። ፍለጋው ሁሉ በዚያ አጻጻፍ ይሁን።

የቤተሰብ ስም ግዴታ የሆነው በ1913 በወጣ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት ለሞተ ቅድመ አያት የቤተሰብ ስም መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ስም እንዲይዝ ስላዘዘ፣ በታይ ፊደል ስሙ አንድ ከሆነ ዝምድና አለ ማለት ይቻላል። «ሴ ታን»፣ «ሴ ሊም» የመሰለ ግን የቻይና ጎሣ ስም ነው፤ በእሱ ዘመድ ልቁጠር ቢሉ መጨረሻ የለውም።

አማትዎን ሲጠይቁም ይጠንቀቁ። የአባት ወላጆች ፑ እና ያ፣ የእናት ወላጆች ታ እና ያይ ይባላሉ። በኢሳን (በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ) ግን ማንኛውም አዛውንት «ፎ ያይ» ሊባል ይችላል፤ ይህ «ያይ» ትልቅ ማለት እንጂ አያት አይደለም። በላቲን ሁለቱም አንድ ሆነው ስለሚጻፉ ስንቱን የዘር ሐረግ አበላሽተዋል! የተጸውዖ ስም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በመንደሩ ቤተ መቅደስ ያለውን የዘንባባ ቅጠል ጽሑፍ ታይኛ የሚያነብ ዘመዳችን ሊያነበው አልቻለም። ለምን?

መልስ፦ ፊደሉ ሌላ ስለሆነ ነው። በኢሳን ሃይማኖታዊው ጽሑፍ በታም፣ ዓለማዊው በታይ ኖይ ፊደል ነበር የሚጻፈው፤ ቋንቋው ላኦኛ ነው። ታይ ኖይ የዛሬው የላኦስ ፊደል ዘመድ በመሆኑ ጽሑፉ በእሱ ከሆነ ላኦኛ አንባቢ ይፈልጉ፤ በታም ከሆነ ግን ታምን የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ይዘቱ በአብዛኛው ስብከትና ተረት ስለሆነ ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ የሚጠቅምዎ የመጨረሻው ቅጠል ነው፤ የጸሐፊው፣ ያስጻፈው ሰው ስምና ዓመቱ የሚሰፍሩት እዚያ ነው። ዓመቱ 12 መቶ ምናምን የሚል ከሆነ ቹላ ሳካራት የሚባለው የቀድሞ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹን ለማግኘት 638 ይደምሩ።