ፍራንቻይዝ ልትገዙ ላሰባችሁ የአገሬ ልጆች

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ አጎቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ያላለቀ ፎቅ ቆሟል። ፌሮው ዝጓል። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ቁራ ያርፍበታል። ፎቁ የኔ ነው። አሜሪካ የተዘጋው ፒዛ ቤትም የኔ ነበር። አንዱ ሌላውን እንዴት እንደበላው ልንገራችሁ፤ «ጋሼ፣ ፍራንቻይዝ ልገዛ ነው» እያለ የሚደውልልኝ በዝቷል።

1. የምትገዙትን እወቁ

ፍራንቻይዝ የሰው ስም ተከራይቶ መነገድ ነው። ስሙና አሠራሩ የባለ ስሙ ኩባንያ፤ ብድሩ፣ ኪራዩና እንቅልፍ ማጣቱ የእናንተ። መጀመሪያ የመግቢያ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ሮያሊቲ የሚሉት፣ በየጊዜው የሚከፈል የስም ኪራይ አለ፣ የማስታወቂያ መዋጮ አለ። አይብ ረከሰ ብላችሁ ከፈለጋችሁት ነጋዴ አትገዙም፤ እነሱ ከፈቀዱት ብቻ ነው። ውሉ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ነው፣ 20 ዓመት የሚሆንም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በግላችሁ ዋስ ሆናችሁ ስለምትፈርሙ፣ ሱቁ ቢዘጋ ዕዳው ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

2. ወረቀቱ

በአሜሪካ ሕግ ሻጩ ኤፍዲዲ የሚባለውን፣ የፍራንቻይዙን ዝርዝር የሚያሳየውን ሰነድ ከመፈረማችሁ ወይም ከመክፈላችሁ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ መስጠት አለበት። 23 ክፍል አለው፤ ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ ያንብብላችሁ። 20ኛው ክፍል ላይ ባለፈው ዓመት ከሥራው የወጡ ሰዎች አድራሻ አለ። ደውሉላቸው። እኔ አልደወልኩም፤ ለቅሶ ቤት «እገሌ እኮ በሱ ከበረ» ሲባል ሰምቼ ነው የፈረምኩት።

3. ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለም

ይቺን ሳይገባው የሚፈርም ብዙ ነው። የሳንድዊች ቤቱን ሰብዌይን ውሰዱ፤ የተለመደው ሮያሊቲ 8 በመቶ፣ ማስታወቂያው 4.5 በመቶ ነው። 100 ዶላር ስትሸጡ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ኪራይ፣ ደሞዝና ዱቄት ገና አልተነሳም። ብትከስሩም ትከፍላላችሁ።

4. የኛ በሽታ

አባቴ ቢቸና ጤፍ ነጋዴ ነበር። ከአቡጀዲ የተሰፉ ሁለት ከረጢቶች ነበሩት፤ አንዱ የዋናው፣ አንዱ የትርፉ። ለድግስም ለተዝካርም የሚወጣው ከትርፉ ነው። የትርፉ ከረጢት ባዶ ከሆነ የገዛ ወንድሙን እንኳ «የለኝም» ብሎ ይሸኘዋል። ሰው ቋጣሪ ይለው ነበር። እኔም እል ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ካሽ ሬጅስተሩ 3,800 ዶላር አሳየ። ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት። ምን ነካኝ? ጉራ ነዋ! እሱ ለእናቴ አሳያት፣ እናቴ ለማኅበርተኞቿ ነገረች። በሳምንቱ «ልጁ በቀን አራት ሺህ ዶላር ያገኛል» ተብሎ ከማርቆስ ቢቸና ተወራ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሽያጭን ትርፍ አስመስዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ «የለኝም» ማለት ሞት ሆነብኝ። ሠርግ ሲሉኝ ላክሁ። ሲሚንቶ ተወደደ ሲሉኝ ላክሁ። አንድ ፎቅ በቂ ነበር፤ የጎረቤቱ ልጅ ሁለት ስለሠራ እኔ ሦስት አልሁ። ገንዘቡ የማን ነበር? የፒዛ ቤቱ ኪራይ ነበር። የሠራተኞች ደሞዝ ነበር። ሮያሊቲውን እነሱ ከባንክ ሒሳቤ ራሳቸው ይቆርጡታል፣ የተረፈውን እኔ ወደ ጎጃም እቆርጠዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ምድጃው ሲበላሽ ማሠሪያ አጣሁ። አስቡት፣ ፎቅ የሚሠራ ሰው የምድጃ ማሠሪያ አጣ! ሱቁን ስዘጋ ለእናቴ አልነገርኳትም። ስምንት ወር ሙሉ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልሁ ታክሲ እነዳ ነበር።

አትላኩ አላልኩም። እናቱን የማይጦር ምን ሰው ነው? ከራሳችሁ ደሞዝ ላኩ። ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ፣ ትንሽ ትሁን፣ ከሷ ላኩ። የሱቁን ሒሳብ ለማንም አታሳዩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሞጣ ልጅ ከዴንቨር ደወለልኝ። ሰነዱ ከደረሰው ገና ሦስት ቀኑ ነው። «ከወጡት ስንቱን አነጋገርህ?» አልሁት። ማንንም አላነጋገረም። ጥሩ፣ ዛሬ ጀምር፣ አልሁት። እሺ አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ለእማዬ ግን ሱቅ ከፈትሁ ብያታለሁ» አለኝ። በግ ታርዷል አሉ።