የአሜሪካዊውን ምሁር የግሩኒግን አራት የሕዝብ ግንኙነት ሞዴሎች ለመመረቂያ ጥናት መጠቀም፦ «መሥሪያ ቤቱ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ በምን ልለይ?»

ባለሙያዎቹን «የትኛውን ሞዴል ትከተላላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ፤ አብዛኞቹ «የተመጣጠነውን» (ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱም የሚለወጡበትን) ይሉሃል። የሠሩትን ሥራ እይ።

1. የስድስት ወር መግለጫ፣ የፌስቡክ ልጥፍና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሰብስብ።

2. መልእክቱ ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድ ከሆነ አንድ አቅጣጫ ነው። ለእውነቱ ሳይጨነቁ ስም ማስጠራት ከሆነ ፕሬስ ኤጀንትሪ፣ ትክክለኛ መረጃ ማድረስ ከሆነ የሕዝብ መረጃ ሞዴል ነው።

3. አስተያየትም የሚሰበስቡ ከሆነ ሁለት አቅጣጫ ነው፤ አስተያየቱ ምን ላይ እንደዋለ ተከታተል። ሕዝቡን ለማሳመን ብቻ ከዋለ ያልተመጣጠነ ነው። መሥሪያ ቤቱም ውሳኔውን ካሻሻለ ግን የተመጣጠነ ነው።

ብዙ ጥናት የሚሳሳተው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው። የአስተያየት ሳጥን ስላለ ወይም ለኮሜንት መልስ ስለተሰጠ ብቻ «የተመጣጠነ» ተብሎ ይጻፋል። አስተያየቱ ከመጣ በኋላ የተቀየረ መመሪያ ወይም አሠራር ካላገኘህ እንዲህ አትበል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቢሮውን በግድ አንድ ሞዴል ውስጥ አትክተት። ጄምስ ግሩኒግ ሞዴሎቹን ከቶድ ሃንት ጋር ያቀረበው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ የመራውና በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ከ300 በላይ ድርጅቶችን ያካተተው ጥናት ግን፣ ጎበዝ የተባሉት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ማሳመንንና መደራደርን አዳብለው እንደሚሠሩ አሳይቷል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዱን ዘመቻ ለየብቻ መድብ።