ስለ ነገሥታቱ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች በብዛት ነገሥታትን ስለማወዳደር ናቸው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ሁሌ የምንከራከርበት ነው። ከአጼ ቴዎድሮስና ከአጼ ምኒልክ በመሪነት ማን ይበልጣል?

በሐሳብ ቴዎድሮስ ይቀድማሉ። በአመራር ግን እኔ ምኒልክን አስበልጣለሁ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየኝ ባላንጣን በያዙበት መንገድ ነው።

ቴዎድሮስ በ1847 ሲነግሡ የተበታተነ አገር ነው የተረከቡት። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈውን መሬት ገበሬው ይረስና ይገብር አሉ። ካህናቱ አኮረፉ፤ ባላባቱም በየቦታው ሸፈተ። እሳቸው ደግሞ ቅጣቱን እያከበዱት ሄዱ፣ በ1859 ጎንደርን እስከ ማቃጠል ደረሱ። ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ ነበር። እንዲህ ያለ ቆራጥነት ለማንም አይገኝም። ግን ያኔ ከጎናቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር።

ምኒልክ በ1874 እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማረኩ፤ ምርኮኛውን ግን አላዋረዱም። ከ14 ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ለእኔ የአድዋ ድል ግማሹ እዚህ ላይ ነው ያለው። ይሁንና በ1887 የዘመተው ጦር ወላይታ ላይ ያደረሰውን እልቂት ትቶ ምኒልክን ማወደስ ልክ አይደለም። ያንን ታሪክ ከወላይታው ንጉሥ ከካዎ ጦና ወገን ሆኖ የሚያይ ሰው ሌላ ፍርድ ቢሰጥ እውነት አለው።

ጥያቄ፦ አጼ ዮሐንስ ለምን ተዘነጉ?

አድዋ ስለጋረዳቸው ይመስለኛል። በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሁለቴ ደምስሰዋል። ምኒልክንም ገብረውላቸው የሸዋ ንጉሥ ሆነው እንዲቀጥሉ ፈቅደዋል፤ ቴዎድሮስ ይህን አያደርጉትም ነበር። በሃይማኖት ግን ፍንክች አይሉም። ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ግፍ ስማቸው ላይ የቀረ ጠባሳ ነው።

ጥያቄ፦ አጼ ኃይለ ሥላሴ በወሎ ረሃብ ይመዘኑ ወይስ ባስፋፉት ትምህርት?

በሁለቱም። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች እሳቸው ባቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ነበሩ። ጠያቂ ትውልድ አስተምረው መልሱን ነፈጉት። የረሃቡ መደበቅ ደግሞ በምንም አይካካስም።

ጥያቄ፦ ሴቶቹስ የት አሉ?

እቴጌ ጣይቱን የምኒልክ ሚስት ብቻ አድርጎ ማየት ይብቃ። በ1888 መቀሌ ላይ የጣሊያን ጦር ምሽጉ ውስጥ ሆኖ አልደፈር ሲል፣ የውኃ ምንጩን የማስያዙን ዘዴ ያመጡት እሳቸው ናቸው። የጣሊያን ጦር በጥይት ያልለቀቀውን ምሽግ በውኃ ጥም ለቆ ወጣ።