ታኒን ከዛፍ ስለሆነ ውሃው አይጎዳም? ስለ ቆዳ ማልፋት የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቆዳው ሳይሆን ስለ ውሃው ናቸው፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ቆዳው አምሮ ከወጣ ውሃው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላይም ነበር።

ጥያቄ፦ የማለፋው በዛፍ ቅርፊት ብቻ ነው፣ ኬሚካል የለበትም። የተረፈውን ውሃ ወንዝ ውስጥ ብደፋው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ከቅርፊቱ ወጥቶ ቆዳውን የሚያለፋው ታኒን፣ ዛፉ ራሱን ከተባይና ከበሽታ የሚከላከልበት ነገር ነው፣ ፕሮቲን ካገኘ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ያልበሰለ ሙዝ ስትገምጡ አፋችሁን ጭብጥ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ቆዳውንም ከመበስበስ የሚያድነው ያው ባህሪው ነው። ወንዝ ሲገባ ደግሞ ውሃውን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፣ ራሱም ቶሎ አይበሰብስም፣ አብሮት ያለው ስኳር ምናምን ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ቡኒው ቀለምም ብርሃን ይከለክላል። ዛፉ ላይ እያለ ዝናብ በትንሽ በትንሹ ነው የሚያጥበው፣ እናንተ ግን የስንት ዛፍ ቅርፊት አፍልታችሁ ባንዴ ነው የምትደፉት። "ተፈጥሯዊ ነው" ማለት "አይጎዳም" ማለት አይደለም፣ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ አንዴ የተጠቀምኩበትን የታኒን ውሃ ለሌላ ቆዳ መድገም እችላለሁ? ስንት ጊዜ?

መልስ፦ ትችላላችሁ፣ እንደውም ከድሮ ጀምሮ በጉድጓድ የሚያለፉ ሰዎች እንዲህ ነው የሚሰሩት። ሦስት በርሜል አስቡ፣ አንዱ ያረጀና የቀጠነ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አዲስና ወፍራም። ጥሬው ቆዳ መጀመሪያ የሚገባው አሮጌው ውስጥ ነው፣ ከዛ ወደ መካከለኛው፣ መጨረሻ ላይ ወደ አዲሱ፣ ማለትም ቆዳው ወደፊት ሲሄድ ውሃው ወደኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ቶሎ እንዲደርስለት ጥሬውን ቀጥታ ወፍራሙ ውስጥ ይከተዋል፣ ያኔ ታኒኑ ላዩን ብቻ ይይዝና መንገዱን ይዘጋዋል፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ታኒኑ ውስጥ ድረስ መድረሱን ለማወቅ ቆዳው ወፈር የሚልበት ጋ፣ አንገቱ አካባቢ፣ ጠርዙን በምላጭ ቆረጥ አድርጉና የተቆረጠውን እዩት፣ መሃል ላይ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር ካለች ገና ነው፣ ከዳር ዳር አንድ አይነት ቡኒ ከሆነ ገብቷል።

ስንት ጊዜ ለሚለው ቁጥር የለውም። የውሃውን ውፍረት በሃይድሮሜትር (ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ መለኪያ) የምትለኩም ተጠንቀቁ፣ እሱ የሚለካው የሟሟውን ሁሉ ነው፣ ጨውም ስኳርም ይቆጥራል፣ ስለዚህ አሮጌው ውሃ ከባድ ነኝ እያለ ታኒኑ ግን አልቆ ሊሆን ይችላል። ትላልቅ ፋብሪካዎች ፀጉርና ስቡን አስቀድመው ያጣሩና ውሃውን በሜምብሬን፣ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ማጣሪያ፣ ያሳልፉታል፣ ትልልቁ የታኒን ሞለኪውል ወደኋላ ቀርቶ ቆዳው ወደሚለፋበት ድራም (ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል) ይመለሳል። ፀጉርና ስቡ አስቀድሞ ካልተጣራ ሜምብሬኑ ወዲያው ይደፈናል።

ጥያቄ፦ ቆዳዬ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ወጣ፣ ሻጋታ ነው?

መልስ፦ ሻጋታ ከሆነ ሲጠረግ ይለቃል። ካልለቀቀ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፣ የዛገ ሚስማር፣ በርሜል፣ ቢላ። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ቀለም ነው የሚሰሩት፣ የድሮ የጽሕፈት ቀለም ራሱ በዚሁ መንገድ ይሰራ ነበር። ዕቃችሁን ፕላስቲክ ወይም እንጨት አድርጉት።

ጥያቄ፦ የፀጉር ማንሻውንም የታኒኑንም ውሃ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምደፋው፣ ሽታው ግን ከበደኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ አቁሙ፣ ዛሬውኑ። ፀጉር የሚነሳው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ከሆነ፣ የታኒኑ ውሃ ደግሞ አሲድነት ስላለው፣ ሲቀላቀሉ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፣ ጉድጓድ የገባውም እሱን ላወጣ ብሎ ተከትሎ የገባውም። ማንም እንዳይገባ፣ አንገቱን እንኳን እንዳያስገባ። ሁለቱ ውሃዎች ቦያቸውም ጉድጓዳቸውም ለየብቻ ይሁን፣ የሰልፋይዱ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ዝቅ ሲል አሲድ ነው) ከ10 በላይ እንደሆነ ይቆይ፣ ከዛ ትንሽ ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር ሲነፋበት ሰልፋይዱ ይጠፋል፣ ከሌላው ጋር የሚገናኘው ተለክቶ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ይሄ በግምት የሚሰራ ስራ ስላልሆነ ባለሙያ ይኑርበት።

ጥያቄ፦ ለውሃ የሚሻለው ክሮም ነው ታኒን?

መልስ፦ ክሮም ማለት በክሮሚየም ጨው ማልፋት ነው፣ ውሃው ክሮሚየም የሚባል ብረታ ብረት አለበት፣ ዝቃጩም ጣጣ አለው። የታኒኑ ክሮሚየም የለውም ግን ቀለሙና ለመበስበስ ማስቸገሩ አለ። ሰው የሚረሳው ከብክለቱ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከሁለቱም በፊት ከሚሰራው፣ ከመዘፍዘፍና ፀጉር ከማንሳት መሆኑን ነው፣ በየትኛውም ብታለፉ እሱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የታኒኑን ውሃ በአሉም (ቆሻሻን አሰባስቦ በሚያዘቅጥ ጨው) አዝቅጬ አየር ነፋሁበት፣ ጠርቷል። ለምን ልጠቀምበት?

መልስ፦ ጎበዝ! ለመጀመሪያው መዘፍዘፊያና ለወለል ማጠቢያ ተጠቀሙበት፣ ለቆዳው የመጨረሻ ማጠቢያ ግን አይሆንም። ጨው በአሉምም በባክቴሪያም አይወጣም፣ ውሃው በዞረ ቁጥር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ በጨው የደረቀ ቆዳ ሲመጣ ሳትዘፈዝፉት በፊት ጥሩ አድርጋችሁ አራግፉት፣ የወደቀውን ጨውም ደረቁን እንዳለ ጠርጋችሁ ለብቻው ሰብስቡት።