ስለ ጀማሪ ሠዓሊዎች ለሚጻፍ ሂስ ክፍያው እንዴት ይሁን?

«ስለ ጀማሪ ሠዓሊዎች ሂስ ለሚጽፉ ትንሽ ገንዘብ መድበናል፤ ጽሑፉ ማስታወቂያ እንዳይሆን ምን እናድርግ?» ላላችሁት፦

ዋናው ነገር ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሠዓሊውም ሆነ ጋለሪው ለጸሐፊው በቀጥታ አይክፈል። ገንዘቡን አርታኢ ይያዝ፤ ማን ስለማን እንደሚጽፍም እሱ ይወስን። ከየት እንደመጣ ከጽሑፉ ግርጌ ይገለጽ። ግማሹ ሥራው ሲታዘዝ፣ ቀሪው ረቂቁ ሲገባ ይከፈል። «ሲታተም» ከተባለ ኅትመቱ በዘገየ ቁጥር ጸሐፊው ባዶ እጁን ይጠብቃል።

አንድ ወር ለሚቆይ ኤግዚቢሽን ጸሐፊው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ሄዶ ይይ። የመክፈቻው ምሽት አይቆጠርም፤ በሰው ትከሻ መሀል ሥዕል አይታይም። ከ800 እስከ 1,000 ቃል ይበቃል። «ስሜት የሚኮረኩር ሥራ» ብሎ ካመጣ አርታኢው ይመልስለት፤ ቀለሙ የት ላይ እንደወፈረ፣ ሸራው የት ጋ ሳይቀባ እንደተተወና ይህ ለሥዕሉ ምን እንዳደረገ ይጻፍ። ጀማሪን የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ ሙገሳማ ከጓደኞቹም ያገኛል።

ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ሠዓሊው ስሙን፣ የሥራውን ርዕስ፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ቁሳቁሱንና መጠኑን (ቁመት ቀድሞ፣ ወርድ ተከትሎ) ብቻ ያረጋግጥ። ሙሉ ረቂቁን ከላካችሁለት «ይቺን አንቀጽ አውጡልኝ» መምጣቱ አይቀርም። የፎቶ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ።