አማካሪን በኤች ኢንዴክስ መምረጥ ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጠየቅሽው ጥያቄ በአንድ ወቅት የእኔም ጥያቄ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። በማኅፀን በር ካንሰር ላይ ለምትሠሪው ሦስተኛ ዲግሪ ከሁለት አማካሪዎች አንዱን መምረጥ አለብሽ። የአንደኛው ኤች ኢንዴክስ፣ ማለትም ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር፣ 41፣ የሁለተኛዋ 12 ነው፤ «ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ምን ያጠያይቃል?» ብለሻል። በጣም ያጠያይቃል።

እኔ ያኔ ቁጥር አይቼ መረጥሁ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ስመ ጥር ሰው ዘንድ ሄድሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ረቂቄን ያነበቡልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱንም መግቢያውን። ሦስት ነጠላ ሰረዝ በእርሳስ አርመው መለሱልኝ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሥራ በዝቶባቸው ነበርና በእሳቸው አልፈርድም፤ የሚያንገበግበኝ ያ ቁጥር ከምን እንደተሠራ ሳላጣራ መሄዴ ነው።

ኤች ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ናቸው። 12 ማለት ተመራማሪዋ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 12 ጊዜ የተጠቀሱ 12 ጽሑፎች አሏቸው ማለት ነው። ስሌቱ ይኸው ነው። ጽሑፉን ብቻውን የጻፈውንና ከመቶዎች ጋር የፈረመበትን አይለይም።

የእኛ አገር ሰው ልብ ማለት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሲያትል ከሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ካንሰርንም የሚጨምር፣ የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት የሚባል ሰፊ ሥራ አለ። ውጤቱ ላንሴት በተባለው ጆርናል ሲወጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተባባሪዎች ይፈርሙበታል፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራን አሉ። በየአገሩ ያለ ተመራማሪ አሃዙን ስለሚፈልገው አንዱ ጽሑፍ ብቻውን በሺዎች ጊዜ ይጠቀሳል። ሥራው የሚከበር ነው፤ ወገኖቻችን በመሳተፋቸውም ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን በደቦ የታጨደን ጤፍ አስቢው። ሁሉም አጭዷል፣ ሁሉም ላቡን አፍስሷል፤ ኤች ኢንዴክስ ግን ሙሉውን ምርት በእያንዳንዱ አጫጅ ጎተራ ያስገባል።

አንድ ቅዳሜ ባሕር ዳር ላይ ከባልደረባዬ ጋር የአንድ ሰው የጽሑፎች ዝርዝር የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ከሆነው ጉግል ስኮላር አትመን ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ከሃምሳ በላይ ፈራሚ ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ ሰረዝን። በቀሩት ላይ የሰውየው ስም የት እንደተቀመጠ አየን፤ በሕክምናው ዘርፍ በአብዛኛው የመጀመሪያው ሥራውን የሠራው፣ የመጨረሻው የመራው ነውና መሐል ላይ ያለውንም ሰረዝን። ሁለት ገጽ ሙሉ ከነበረው ዝርዝር ቀይ ያልነካው ሰባት መስመር ቀረ። ባልደረባዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያይ አስታውሳለሁ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ፤ በተለይ የአማካሪው ስም መጨረሻ፣ የተማሪ ስም መጀመሪያ የሆነበትን ፈልጊ። ተማሪ አብቅቶ ለሕትመት የሚያደርስ ሰው የሚታወቀው በዚያ ነው።

ትንሹንም ቁጥር ቶሎ እውነት ነው ብለሽ አትቀበዪው። የእኛን የአባት ስም ውጭ አገር እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱት ከበደና ተስፋዬ የሚባሉ ብዙ ሰዎች ይደባለቃሉ። በዚያ ላይ ወርቁ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ላይ በኦ፣ ሌላው ላይ በኢ ይጻፍና የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ይከፈላል። የእኔ ሦስት ጽሑፎች እንዲህ ተለያይተው ለዓመታት ኖረዋል። ስለዚህ የሁለተኛዋን አማካሪ ስም በሁለትና በሦስት አጻጻፍ ፈልጊ፤ 12 የተባለው 16 ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ።

መጠቀስና እውነት መሆንም ይለያያሉ። በካንሰር ምርምር ይህ በግልጽ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ግሌን ቤግሊና ሊ ኤሊስ ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ እንደጻፉት፣ አምጀን የተባለው መድኃኒት አምራች ኩባንያ ተመራማሪዎች ትልቅ ስም ካላቸው 53 ጥናቶች ውስጥ ውጤታቸውን መድገም የቻሉት የ6ቱን ብቻ ነው። በሌላ በኩል የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት ኡጋንዳ ውስጥ በሕፃናት መንጋጋ ላይ ስላየው ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጽፍ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1961 ለንደን ላይ ሲናገር ተመራማሪው አንቶኒ ኤፕስታይን ሰማው፤ ከዚያ ዕጢ በ1964 ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች አንዱ የሆነው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ተገኘ።

የሁለተኛዋ ሥራዎች በሙሉ በማኅፀን በር ካንሰር ላይ መሆናቸውን ጽፈሻል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማቻከል ወረዳ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ለምርመራ ከሚቀባው የኮምጣጤ አሲድ ጠርሙስ አጠገብ አንዲት ነርስ ከአንድ ጥናት የቀዳችውን ሠንጠረዥ በእጇ በአማርኛ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋው አይቻለሁ። ሴቶች ለክትትል ሳይመለሱ የሚቀሩበትን ምክንያት የሚዘረዝር ነበር። ነርሷ እያንዳንዷን ሴት ከመሸኘቷ በፊት ዞር ብላ ታየዋለች። ያንን ጥናት ጉግል ስኮላር ላይ ስፈልገው የተጠቀሰው አራት ጊዜ ነበር።

እኔ ብሆን ወደ ሁለተኛዋ እሄዳለሁ። ከመወሰንሽ በፊት ግን ከሁለቱም ዘንድ የተመረቁ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ፈልገሽ ደውዪ፤ አንድ ምዕራፍ ሰጥተው ስንት ቀን ቆይቶ እንደተመለሰላቸው ጠይቂ። የራስሽን ስም ደግሞ የመጀመሪያ ጽሑፍሽን ከመላክሽ በፊት በአንድ አጻጻፍ ወስነሽ ኦርኪድ (ORCID) የተባለውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር አውጪ። ክፍያ የለውም።