ድድሽ ለሚደማው እህቴ

እህቴ፣ «ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ አፌም መሽተት ጀምሯል፣ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ነጭ ሽንኩርት ያድናል ይላሉ» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ነጭ ሽንኩርቱን ተይው። እኔ ወቅጬ ድዴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ድዴ ነጭ ሆኖ ተልጦ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ በርበሬ ያለበት ነገር አልቀመስኩም። ሎሚም አትሞክሪ፣ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ይበላዋል።

የጠቀመኝ የጨው ውሃ ነው። ሞቅ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጠዋትና ማታ ተጉመጥምጦ መትፋት። እብጠቱን ቀለል ያደርግልሻል። ቅርንፉድ ሕመሙን ያደነዝዛል፣ ግን አያድንም፤ እኔን ለወራት ያዘናጋኝም እሱ ነው።

መፋቂያ ጥሩ ነው። እዚህ ጅማ እናቴ ከወይራ ሌላ አታውቅም፣ እኔም በሱ ነው ያደግኩት። እርጥቡን ምረጪ፣ ጫፉን አኝከሽ እንደ ብሩሽ ሲበተንልሽ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ፋቂ። ወደ ጎን ከፈተግሽ ድድሽ ይሸሻል። እኔ የፊት የፊቱን ብቻ ስፍቅ ኖሬ የውስጡና የመንጋጋው ሁሉ ተረስቶ ነበር፣ ስለዚህ ማታ ማታ በለስላሳ ብሩሽ 2 ደቂቃ ጨምሪበት። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ደግሞ እባክሽ ሳትጉመጠመጪ አትተኚ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሲደማ መቦረሽ ማቆሜ ነው። ብሩሹ ያቆሰለኝ መስሎኝ! የሚያደማው ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ነው፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ድዱን ያስቆጡታል። ካልተነሳ ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል። ከደነደነ በኋላ ጨውም፣ መፋቂያም፣ ምንም ዓይነት ቅጠል አያነሳውም፤ ሐኪም ጋ ሄዶ መታጠብ ብቻ ነው።

«ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያላላል» ሲሉኝ ፈርቼ 2 ዓመት ዘገየሁ። ስታጠብ ነው የገባኝ። ጥርሱን የሚያላላው እጥበቱ ሳይሆን ከሥር ያለው አጥንት ቀድሞ መበላቱ ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ ያ ክፍተት ይታያል፣ ሰው እጥበቱን ይወቅሳል። ከታጠብኩ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ቆመ፣ ሽታውም ሄደ። አንዱ የታች መንጋጋዬ ግን ዛሬም ይነቃነቃል፣ የተበላ አጥንት በራሱ አይመለስም። ገና ሲደማ ብሄድ ኖሮ እሱም ይተርፍልኝ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛብሽ ስኳርሽን ተለኪ፤ ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽም በዚያ ጊዜ ድድ መድማት የተለመደ ስለሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። መግል ካየሽ ወይም ጥርስሽ መነቃነቅ ከጀመረ ግን ነገ ጠዋት ሂጂ፣ የጨው ውሃ ይዘሽ ቤት አትቀመጪ።